«አላወቅሁም» ያለ ተከሳሽና የቀድሞ ጥፋቱ፦ የአንባቢያን የሕግ ጥያቄዎች

በዚህ እትም ያስተናገድናቸው ደብዳቤዎች ከአንዱ በቀር ከእንግሊዝ የተላኩ ናቸው። ሁሉም የሚያነሡት አንድ ነገር ነው፦ ተከሳሹ «ምን እንደሆነ አላወቅሁም» ይላል፣ ዐቃቤ ሕግ ደግሞ የቀድሞ ታሪኩን አውጥቶ «ያውቅ ነበር» ብሎ ይከራከራል። የተለየ ነገር ካልጠቀስን በቀር መልሳችን የእንግሊዝንና የዌልስን ሕግ የሚመለከት ነው፤ ስኮትላንድ የራሷ ሥርዓት አላት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሰው ሻንጣ ተቀብሎ ሲወጣ ተያዘና ኮኬይን በማስገባት ተከሰሰ። «አደራ ነው፣ ልብስና በርበሬ መስሎኝ ነበር» ብሎ ተከራከረ። ከሰባት ዓመት በፊት ካናቢስ ለመሸጥ ይዞ ተገኝቶ፣ ጥፋቱን አምኖ ተቀጥቷል። ዳኛው ይህ ለጁሪው (ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ለሚወስኑት ከሕዝብ የተውጣጡ ሰዎች) እንዲነገር ፈቀዱ፤ በ10 ለ2 ድምፅ ጥፋተኛ ተባለ። አገር ቤት የሰው የድሮ ጥፋት ከፍርድ በፊት አይነሣም ነበር። እዚህ እንዴት ተነሣ? (እኅት፣ ከለንደን)

መልስ፦ ስለ አገር ቤቱ የሚያስታውሱት ልክ ነው። የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 138 ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር የተከሳሽ የቀድሞ ቅጣት ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት ለፍርድ ቤቱ አይገለጽም ይላል። እንግሊዝ ግን በ2003 ባወጣችው የወንጀል ፍትሕ ሕግ የድሮውን ክልከላ ሽራ በክፍል 101 ሰባት መግቢያ በሮች አበጅታለች፤ ጠበቆች ከ«ኤ» እስከ «ጂ» ይሏቸዋል። የወንድምዎ ቅጣት የገባው በ«ዲ» ሳይሆን አይቀርም፦ በተከሳሹና በዐቃቤ ሕግ መካከል ላለው ዋነኛ ክርክር አግባብነት ያለው ማስረጃ በሚገባበት በር። እሱ «አላወቅሁም» ሲል ዋነኛው ክርክር ማወቅ አለማወቁ ሆነ።

በዚህ በር ለሚገባ የቀድሞ ቅጣት የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2005 በሃንሰን ጉዳይ ሦስት ጥያቄዎችን አስቀምጧል። የቀድሞው ቅጣት እንዲህ ያለውን ወንጀል የመፈጸም ዝንባሌ ያሳያል? ዝንባሌው ቢኖርስ፣ ተከሳሹ አሁን የተከሰሰበትን ወንጀል ፈጽሞ ሊሆን የሚችልበትን ዕድል ከፍ ያደርጋል? በመጨረሻም፣ በዚህ ቅጣት መጠቀም ኢፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም? ለሦስተኛው ጥያቄ ያለፈው ጊዜ ርዝመት፣ የወንጀሎቹ መመሳሰልና የቀረው ማስረጃ ጥንካሬ ይታያሉ። ፍርድ ቤቱ በዚያው ጉዳይ ሁለት ነገር አስጠንቅቋል። አንድ የቀድሞ ቅጣት ብቻውን፣ ለየት ያለ ባሕርይ ካላሳየ በቀር፣ ዝንባሌን ለማሳየት ብዙ ጊዜ አይበቃም። መጥፎ ጠባይ ደካማ ክስን ለመደገፊያነት ሊውልም አይገባም።

ስለዚህ የወንድምዎ ጠበቃ ሊከራከሩበት የሚችሉት ነገር ነበራቸው፦ ቅጣቱ አንድ ነው፣ ሰባት ዓመት አልፎታል፣ ዕፁ ሌላ ነው፣ ድርጊቱም ማስገባት ሳይሆን መሸጥ ነው። ነገር ግን ይግባኝ ሰሚዎቹ «እኛ ብንሆን አንፈቅድም ነበር» ብለው ብቻ ውሳኔውን አይሽሩም። ዳኛው ትክክለኛውን መመዘኛ ከተጠቀሙ ጣልቃ የሚገቡት ድምዳሜው በግልጽ የተሳሳተ ወይም ከምክንያታዊነት የወጣ ሲሆን ነው። «ማስረጃው መግባት አልነበረበትም» በሚለው ላይ ብቻ የቆመ ይግባኝ ብዙ ጊዜ የሚወድቀውም ለዚህ ነው። ከዚያ ይልቅ ማስረጃው ከገባ በኋላ ዳኛው ለጁሪው ምን አሉ የሚለውን አጥብቀው ይመርምሩ።

ዳኛው ነገሩን ከሥሩ ጀምረው ለጁሪው ሊያስረዱ ይገባ ነበር። የቀድሞ ቅጣት ስላለበት ብቻ ጥፋተኛ ነው ወይም ውሸታም ነው ማለት እንደማይቻል፣ ቅጣቱ ዝንባሌ ያሳያል ወይስ አያሳይም የሚለውን የሚወስነው ጁሪው ራሱ እንደሆነ፣ ዝንባሌ ካለም ከብዙ ማስረጃ አንዱ ብቻ እንደሆነና ዋናው ማስረጃ ሊሆን እንደማይገባ፣ ተከሳሹ ስለ ቀድሞው ጥፋት የሰጠው ማብራሪያም መመዘን እንዳለበት። «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማእድ» የሚለው አስተሳሰብ በየትም አገር ሰው ልብ ውስጥ አለ፤ መመሪያው የሚሰጠው ያንን ለመግታት ነው።

በእንዲህ ያሉ ጉዳዮች ብዙ ጊዜ የሚታለፍ አንድ ስሕተት አለ። ዐቃቤ ሕግ የቀድሞውን ቅጣት የሚያቀርብበት መንገድ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንዱ «ይህ ሰው ወደ ዕፅ ንግድ ያዘነብላል» የሚል ነው። ሌላው «ይህ ሰው ስለ ዕፅ ንግድ አሠራር ያውቃል፣ ስለዚህ የማያውቀው ሰው የሰጠውን ሻንጣ በየዋህነት ተቀበለ ማለት አያሳምንም» የሚል ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ማስረጃው የተፈቀደው ለሁለተኛው ሆኖ ዳኛው ስለ ዝንባሌ ብቻ መመሪያ ከሰጡ፣ ጁሪው ከተፈቀደለት መንገድ ውጭ እንዲሄድ ተደርጓል። የፈቃዱ ውሳኔና የማጠቃለያ ንግግሩ ግልባጮች ጎን ለጎን ሲነበቡ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስለ ውሸታምነት የተነገረ ነገር ካለም ይፈልጉ። በሃንሰን መሠረት የቀድሞ ቅጣት «አይታመንም» ለማለት የሚያገለግለው ተከሳሹ ያኔ ክዶ ተከራክሮ ጁሪው ሳያምነው የቀረ እንደሆነ፣ ወይም ወንጀሉ ራሱ በማታለል የተፈጸመ እንደሆነ ነው። ወንድምዎ ያኔ ጥፋቱን አምኗል፤ ያ ቅጣት ውሸታም አያሰኘውም። የ10 ለ2 ድምፁ በራሱ የይግባኝ ምክንያት አይሆንም፤ ጁሪው ቢያንስ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከመከረ በኋላ ዳኛው እንዲህ ያለውን ድምፅ ሊቀበሉ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ስመጣ ጎረቤት «ሞሪንጋ ነው፣ ለዘመዴ አድርስልኝ» ብሎ የሰጠኝ ካርቶን ውስጥ የደረቀ ጫት ተገኘ። ጠበቃዬ ሁለት ዓይነት ክስ ሊመጣ እንደሚችልና «ማወቅ» በሁለቱ ላይ አንድ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው? (አንባቢ፣ ከበርሚንግሃም)

መልስ፦ ጠበቃዎ ልክ ናት፤ ክርክሩም የሚሸነፈውና የሚረታው በዚህ ልዩነት ነው። ጫት በእንግሊዝ ከጁን 24 ቀን 2014 ጀምሮ በ«ሲ» ክፍል የተመደበ የተከለከለ ዕፅ ነው። ማስገባቱ እስከ 14 ዓመት፣ ለራስ መያዙ እስከ 2 ዓመት ያስቀጣል።

የመጀመሪያው ክስ በ1979 የጉምሩክ ሕግ ክፍል 170 የሚቀርበው ነው። ዐቃቤ ሕግ ዕቃው እንዳይገባ የተከለከለ መሆኑን እያወቁ በማስገባቱ እንደተሳተፉ ማስረዳት አለበት። የትኛው ዕፅ እንደሆነ ማወቅዎን ማስረዳት ግን አይጠበቅበትም፤ ካናቢስ መስሎዎት ጫት ቢሆን አይድኑም። በተቃራኒው በ1984 የጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው) በወሰነው የታፌ ጉዳይ፣ ተከሳሹ የያዘው ጥቅል የውጭ ገንዘብ መስሎት ነበር፤ ገንዘብ ማስገባትም ወንጀል ይመስለው ነበር፤ ሲታይ ካናቢስ ሆነ። የሚመዘነው ነገሩ እሱ እንዳመነው ቢሆን ኖሮ ወንጀል ይሆን ነበር ወይ በሚለው ስለሆነና ገንዘብ ማስገባት ወንጀል ስላልነበረ ነፃ ወጣ። የእርስዎ ሞሪንጋም በዚሁ መንገድ ይታያል፦ ያመኑት ከልብ ከሆነ፣ እምነቱ ጅል ቢመስልም፣ በዚህ ክስ ጥፋተኛ አይሆኑም። እርግጥ እምነቱ በጣም የማይመስል ከሆነ ጁሪው ላያምንዎት ይችላል።

ሁለተኛው በ1971 የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የሚቀርበው የመያዝ ክስ ነው። ካርቶኑ ውስጥ አንድ ነገር መኖሩን ካወቁና ነገሩ በእርግጥ የተከለከለ ዕፅ ከሆነ ይዞታው ተረጋገጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ክፍል 28 መከላከያ ይሰጥዎታል፤ ነገር ግን ዕፅ መሆኑን አለማመንዎ ብቻ አይበቃም፤ እንዳልጠረጠሩ፣ የሚያስጠረጥር ምክንያትም እንዳልነበረዎት መታየት አለበት። ይህ የመጨረሻው «ጠንቃቃ ሰው ምን ባሰበ ነበር» የሚል መለኪያ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እዚህ ላይ ሕግ ሆኗል። ሸክሙን በተመለከተ፣ የጌቶች ምክር ቤት በ2001 በላምበርት ጉዳይ ከሰጠው አስተያየት በኋላ የሚሠራበት እንዲህ ነው፦ ተከሳሹ ጉዳዩን የሚያነሣ ማስረጃ ካቀረበ፣ መከላከያውን ማፍረስ የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው፤ ጁሪውም እርግጠኛ መሆን አለበት።

ስሕተት የሚፈጠረው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። በክፍል 170 ክስ ላይ ዳኛው «የሚጠረጥርበት ምክንያት ከነበረው ይበቃል» ካሉ ከባድ ስሕተት ነው። የመያዝ ክሱ አማራጭ ሆኖ በአንድ የክስ ወረቀት ላይ ሲቀርብ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። ስለዚህ ጠበቃዎ የጽሑፍ መመሪያው በየክሱ ተለያይቶ፣ ለእያንዳንዱ ክስ ጁሪው በተራ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ተዘርዝረው እንዲሰጡ ትጠይቅ። እነዚህ ረቂቆች ከመጨረሻ ንግግሮች በፊት ከጠበቆች ጋር ይመከርባቸዋል፤ እርስዎም በአስተርጓሚ ተነበውልዎት ይስሙ።

ጥያቄ፦ ያገለገሉ ስልኮች እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። የተሰረቁ ዕቃዎችን ተቀብለሃል ተብዬ ተፈረደብኝ። ዳኛው ለጁሪው «ጠርጥሮ እያለ ዐይኑን ከጨፈነ እንዳወቀ ይቆጠራል» አሉ። ከአራት ዓመት በፊት በስርቆት የተቀጣሁትም ተነበበ። (ነጋዴ፣ ከማንችስተር)

መልስ፦ የጻፉልን ቃል በግልባጩ ላይ እንዳለ ከተገኘ የይግባኝ ምክንያት አለዎት። በ1968 የስርቆት ሕግ ክፍል 22 የሚጠየቀው «እያወቀ ወይም እያመነ» ነው። በ1974 በግሪፊትስ ጉዳይ የተወሰነው እንዲህ ነው፦ ዐይንን መጨፈን ጁሪው ዕውቀትን ወይም እምነትን የሚገምትበት ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ጠርጥሮ ዐይንን መጨፈንን ግን የማወቅ ወይም የማመን ምትክ አድርጎ ማቅረብ የተሳሳተ መመሪያ ነው። ማመን ከመጠርጠር የሚለየውም «በእርግጠኝነት አላውቅም፣ ግን ካየሁት ሁሉ ሌላ ምክንያታዊ ድምዳሜ ሊኖር አይችልም» የሚል የልብ ደረጃ በመሆኑ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ርካሽ ዋጋ አይቶ ነገሩ ሸክኮት ዝም ባለ ሻጭ ላይ ግን ነፃ የመውጣትና ጥፋተኛ የመባል ልዩነት ነው።

ወደ ቀድሞ ቅጣትዎ ስንመጣ፣ ዐቃቤ ሕግ ከ2003ቱ ሕግ በተጨማሪ ለዚህ ወንጀል ብቻ የተበጀ አሮጌ መሣሪያ አለው፦ የስርቆት ሕጉ ክፍል 27(3)። ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ በስርቆት ወይም የተሰረቀ በመቀበል የተፈረደበት ሰው ላይ ቅጣቱ ዕውቀትን ወይም እምነትን ለማስረዳት ሊቀርብ ይችላል፤ ለዚህ 7 ቀን የቀደመ የጽሑፍ ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ከ12 ወር ወዲህ ከተፈጸመ ስርቆት የተገኘ ሌላ ዕቃ ይዞ መገኘትም ሊቀርብ ይችላል። ገደቦቹን ግን ልብ ይበሉ። የሚሠራው ተከሳሹ የቀረበበት የመቀበል ክስ ብቻ ሲሆን ነው፤ የስርቆት ክስ አብሮ ካለ አይሠራም። አገልግሎቱም ዕውቀትን ወይም እምነትን ለማሳየት ብቻ ነው፤ ስልኮቹ በእጅዎ አልነበሩም ብለው ተከራክረው ከሆነ ያንን ለማስረዳት አይውልም፤ ዳኛውም ይህን ለጁሪው መንገር ነበረባቸው። ቅጣቱ የገባው በየትኛው ሕግ እንደሆነ በመጀመሪያ ያጣሩ፤ የመመሪያው ይዘት በዚያ ይወሰናል።

በሐዋላ ሥራ ላሉ አንባቢዎች አንድ ነገር እንጨምር። በ2002 በወጣው የወንጀል ገቢ ሕግ መሠረት በቀጥታ ገንዘብ በማጠብ ለተከሰሰ ሰው ጥርጣሬም ይበቃል፦ ገንዘቡ ከወንጀል የመጣ ሊሆን ይችላል ብሎ ከባዶ ሐሳብ ያለፈ ዕድል ከታየው። ክሱ «ለማጠብ ማደም» ሲሆን ግን፣ የጌቶች ምክር ቤት በ2006 በሳይክ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ጥርጣሬ አይበቃም፤ ሐሳብ ወይም ዕውቀት ያስፈልጋል። በአንድ ፋይል ሁለቱም ክሶች ካሉ የጽሑፍ መመሪያው ላይ «መጠርጠር» የሚለው ቃል የት የት እንደገባ ጠበቃዎ ቃል በቃል ያጣራ።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ ጓደኛው በያዘው ቢላዋ በተፈጸመ ጥቃት አብሮ ተከሷል። ቅጣት የለበትም። ፖሊስ ግን ከስልኩ የቢላዋ ፎቶና መልእክቶች አውጥቷል፤ ክስ ያልቀረበበት የድሮ ጠብም ይነሣል ተብሏል። ያልተፈረደበት ነገር እንዴት ማስረጃ ይሆናል? (እናት፣ ከለንደን)

መልስ፦ እናታችን፣ መጥፎ ጠባይ በዚህ ሕግ ቅጣትን ብቻ አይጨምርም፤ «ሌላ የሚያስነቅፍ ድርጊት»ም ይገባበታል። ያልተፈረደበት ነገር እንዴት እንደሚመዘን የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ከሰሜን አየርላንድ በመጣው የሚቸል ጉዳይ ወስኗል። እያንዳንዱ የድሮ ክስተት ለብቻው ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አይኖርበትም፤ ጁሪው ሁሉንም አንድ ላይ ያያል፤ ነገር ግን ዝንባሌው መኖሩን በተመለከተ እርግጠኛ ካልሆነ በዚያ ሊጠቀምበት አይችልም። ይህ ሐረግ ከመመሪያው ከቀረ ጥሩ የይግባኝ ምክንያት ይሆናል። ፎቶው ከክሱ ዕለት ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን ሕጉ መጥፎ ጠባይ አይለውም፤ የክሱ ፍሬ ነገር አካል ሆኖ ያለ በር ይገባል።

ስለ ቢላዋው፣ በፌብሩዋሪ 2016 በጆጊ ጉዳይ ከተሰጠው ውሳኔ ወዲህ ልጅዎ ጓደኛው ቢላዋ መያዙን ማወቁ ወይም ሊወጋ እንደሚችል መገመቱ ብቻ ጥፋተኛ አያሰኘውም። ወንጀሉ የተለየ ሐሳብ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ጓደኛው በዚያ ሐሳብ እንዲፈጽመው ለመርዳት ወይም ለማበረታታት አስቦ መሆን አለበት። ማወቁ ያንን ሐሳብ ለማስረዳት የሚረዳ ማስረጃ ነው፤ ሐሳቡን አይተካም። አሮጌ የስልክ ፎቶ ዕውቀትን ለማስረዳት ገብቶ፣ ከዚያ ዕውቀቱ ሳይታወቅ የሐሳብን ቦታ ሲይዝ አንድ ልጅ በሁለት እርምጃ ብቻ ረጅም እስር ላይ ይደርሳል። ጠበቃው ሁለቱን እርምጃዎች በጽሑፍ መመሪያው ላይ ለየብቻ ያስቀምጥ።

ጥያቄ፦ «ሻንጣውን የሰጠኝ እሱ ነው፣ ዕፅ ነጋዴም እሱ ነው» ብል የእኔ ሪከርድ ይወጣል?

መልስ፦ ሊወጣ ይችላል። «ጂ» የሚባለው በር የሚከፈተው ተከሳሹ የሌላውን ሰው ጠባይ ሲያጠቃ ነው፤ በፖሊስ ጣቢያ በማስጠንቀቂያ ስር ሲጠየቁ የተናገሩትም ይቆጠራል። «ምስክሩ ተሳስቷል» ማለት ጥቃት አይደለም፤ «ወንጀለኛ ነው» ማለት ግን ነው። ሰውየው አብሮ የተከሰሰ ከሆነ ደግሞ የእሱ ጠበቃ በተከሳሾች መካከል ላለ ክርክር በሚከፈተው በ«ኢ» በር ሊመጣብዎት ይችላል፤ በዚህ በር የተሟላ ማስረጃን ዳኛው «ለፍትሕ ሲባል» ብለው የማስቀረት ሥልጣን የላቸውም። ያ ሥልጣን ያለው በ«ዲ» እና በ«ጂ» ላይ ነው፣ እሱም ተከሳሹ ካመለከተ። ስለዚህ ከፖሊስ ቃል በፊት ጠበቃ ያግኙ።

ጥያቄ፦ እኔ በፌዴራል ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አለብኝ። የእንግሊዙ ሕግ እዚህ ይሠራል? (አንባቢ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ አይሠራም፤ መንገዱም ይለያል። የአሜሪካ የፌዴራል የማስረጃ ደንብ 404(ቢ) የቀድሞ ድርጊትን «ጠባዩ ነውና አድርጎታል» ለማለት ማቅረብን ይከለክላል፤ ለሌላ ዓላማ ግን ይፈቅዳል፣ ከተዘረዘሩት ዓላማዎች አንዱም ዕውቀት ነው። ስለዚህ እንግሊዝ በዝንባሌ ስም በግልጽ የምታስገባው እዚያ በዕውቀት ስም ይገባል። ጠበቃዎ በደንብ 403 ጉዳቱ ከጥቅሙ እጅግ ይበልጣል ብሎ መከራከርና በደንብ 105 ማስረጃው ለምን ብቻ እንደሚውል ለጁሪው እንዲነገር መጠየቅ አለበት፤ ካልጠየቀ ዳኛው ላይናገሩ ይችላሉ።

ዐይንን ስለመጨፈን የአሜሪካ ሕግ ለተከሳሹ ከእንግሊዙ ይከብዳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 በግሎባል ቴክ ጉዳይ እንዳስቀመጠው፣ ነገሩ እውነት የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ እንደሆነ ያመነና እንዳያውቅ ብሎ ሆን ብሎ እርምጃ የወሰደ ሰው እንዳወቀ ይቆጠራል። ሁለቱም መሟላት አለባቸው፤ ግድየለሽነት ወይም ቸልተኝነት አይበቃም። መመሪያው ሁለተኛውን ከዘለለ ተቃውሞው ጁሪው ለምክክር ከመግባቱ በፊት ከነምክንያቱ መመዝገብ አለበት። ካልተመዘገበ ይግባኙ በ«ግልጽ ስሕተት» መመዘኛ ይታያል፤ እሱም እጅግ ጠባብ ነው። የፌዴራል የይግባኝ ማስታወቂያ በወንጀል ጉዳይ በ14 ቀን ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጥፋተኛ ከተባለ 16 ቀን ሆኖታል፤ ቅጣቱ የሚነገረው በሚቀጥለው ወር ነው። ቅጣቱን ሰምተን ይግባኝ እንበል ወይስ አሁን? የድሮው ጠበቃ ምክንያት የለም ብሎናል። (ባለቤት፣ ከሊድስ)

መልስ፦ አሁን። በጥፋተኝነት ላይ የሚቀርብ ይግባኝ 28 ቀኑ የሚቆጠረው ጥፋተኛ ከተባለበት ቀን ነው፤ በቅጣቱ ላይ የሚቀርበው ብቻ ከቅጣቱ ቀን ይቆጠራል። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ጊዜውን ያጣል። ባለቤትዎ የእንግሊዝ ዜጋ ካልሆነና 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ከተፈረደበት ጊዜው ሌላም ትርጉም አለው፦ በ2007 የድንበር ሕግ የሚመጣው በራሱ ጊዜ የሚተገበር የማባረር ትእዛዝ ይግባኙ በጊዜው ገብቶ እስካልተወሰነ ድረስ ሊሰጥ አይችልም፤ ዘግይቶ ሊቀርብ የሚችል ይግባኝ ግን ይህን ጥበቃ አይሰጥም። ስለዚህ የኢሚግሬሽን ጠበቃውም ዛሬውኑ ይወቅ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የድሮውን ጠበቃ «ምክንያት የለም» ያለበትን በጽሑፍ ይጠይቁት፤ የይግባኝ ምክር መስጠት የሥራው አካል ነው። ከዚያ ለጁሪው የተሰጡትን የጽሑፍ መመሪያዎችና የጥያቄ ዝርዝሩን፣ ዐቃቤ ሕግ የላከውን የመጥፎ ጠባይ ማስታወቂያ፣ ተከላካዩ ያቀረበውን ተቃውሞና የዳኛውን ውሳኔ ይሰብስቡ። ማስታወቂያው በክራውን ኮርት (ከባድ ወንጀሎች በጁሪ በሚዳኙበት ፍርድ ቤት) ተከሳሹ ጥፋቱን ከካደ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መምጣት ነበረበት፤ ዘግይቶ ቢመጣ ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ማራዘም ስለሚችል መዘግየቱ ብቻውን ብዙ አይረዳም።

አዲስ ጠበቃ ከያዛችሁ ከድሮው ጠበቃ ጋር መነጋገርና እውነታውን ማጣራት ግዴታው ነው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2014 በማኩክ ጉዳይ ይህን በጥብቅ አሳስቧል። «ጠበቃዬ በደሉኝ» የሚል ክስ ካለ ደግሞ ባለቤትዎ በጠበቃና በደንበኛ መካከል ያለውን የምስጢራዊነት መብት እንዲተው ይጠየቃል።

ምክንያቱ ሲጻፍ የመመሪያው ቃል ከነገጹ ይጠቀስ፤ ምን መባል እንደነበረበት ከሥሩ ይቀመጥ፤ ከዚያ ስሕተቱ በዚህ ጉዳይ ላይ ለምን ለውጥ እንዳመጣ ይብራራ። ሦስተኛው ነው ብዙ ጊዜ የሚጎድለው። ፍርድ ቤቱ የሚሽረው ጥፋተኝነቱ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ሲያምን ነው። የጣት አሻራ፣ ስለ ዕቃው የሚያወራ የስልክ መልእክትና ተለዋዋጭ ቃል ባሉበት ፋይል ውስጥ የመመሪያ ጉድለት ብዙ ጊዜ ውጤት አይቀይርም። ከቀድሞው ቅጣት በቀር ስለ ማወቁ እዚህ ግባ የሚባል ማስረጃ በሌለበት ግን ያው ጉድለት ፍርዱን ይጥላል። ጠበቃው በችሎቱ አለመቃወሙ በሩን አይዘጋም፤ ዳኞቹ ግን «ያኔ ችግር ካልመሰለው ዛሬ ለምን?» ይላሉና መልስ ይዘጋጅለት። ጁሪው የተሳሳተ ሰው አመነ የሚል ምክንያት አይጻፍ። የጁሪ አባላትን ፈልጎ ስለ ምክክራቸው መጠየቅ ራሱ ወንጀል ነው፤ በፌስቡክም ቢሆን አይሞከር።

ማመልከቻው ገብቶ አንድ ዳኛ በወረቀት ያየዋል። ፈቃድ ከከለከለ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ለሙሉ ችሎት ማደስ ይቻላል፤ ነገር ግን መሠረተ ቢስ ሆኖ ከተገኘ ፍርድ ቤቱ ታስሮ ከቆየበት ጊዜ የተወሰነው ከቅጣቱ እንዳይቆጠር ሊያዝ ይችላል። ከማደስ በፊት የዳኛውን ምክንያት አንቀጽ በአንቀጽ መልስ እየሰጡ ያንብቡ፤ መልስ ያጡበት አንቀጽ ካለ ያንን ምክንያት ያውጡት። ይግባኙ ካሸነፈም በቀጥታ ወደ ቤት መግባት ላይሆን ይችላል። ፍርድ ቤቱ እንደገና እንዲዳኝ ካዘዘ በ2 ወር ውስጥ ክሱ እንደገና ይነበብለታል፤ ያኔ የቀድሞው ቅጣት ይግባ አይግባ የሚለው ክርክርም ከመጀመሪያው ይጀመራል። ስለዚህ አሁን የሚሰበስቡትን እያንዳንዱን ወረቀት በቀን ቅደም ተከተል አንድ መዝገብ ውስጥ ያስቀምጡ።